ከምርት የወጡ ኮምፖነንቶችን ለአማተር ሳተላይት ቦርድ ማግኘት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ሆነው የአማተር ሳተላይት ቦርድ ለሚሠሩ፣ የድሮ ንድፍ ለሚያድሱና የምድር መቀበያ ለሚገጣጥሙ የተዘጋጀ ነው። የዕቃዎቹን ቁጥር እንደሚነበበው ጽፈነዋል። ስትፈልጉና ስታዙ ግን ዳታሺቱ (የአምራቹ የመረጃ ወረቀት) ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ጻፉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብዙ ጊዜ የአካሉን (የውጭ ማሸጊያውን) ዓይነት ስለምትናገር፣ እሷ ከተዘለለች የሚመጣው ዕቃ ቦርዱ ላይ አይገጥምም።

"ይሄ አይሲ ከምርት ወጥቷል" ተባልኩ። በቃ የለም ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። የሚቋረጠው ውስጡ ያለው ሲሊከን ሳይሆን ውጭ ያለው አካሉ ነው። ጄ310 የሚባለውን ጄፌት እንውሰድ። ጥቁር፣ ግማሽ ክብ፣ ሦስት ረጅም እግር ያለው ቅርጹ ከገበያ እየጠፋ ነው። ያው ትራንዚስተር ግን ኤምኤምቢኤፍጄ310 ተብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሰች የሶት23 አካል ይሸጣል። ንድፉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ የፈለገ ሰው "የለም" ይባላል፤ ዳታሺቱን የከፈተ ግን ያገኘዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የአምራቹን ገጽ ክፈቱና የዕቃውን ሁኔታ አንብቡ። በምርት ላይ፣ ለአዲስ ንድፍ የማይመከር፣ የመጨረሻ ግዢ፣ የተቋረጠ የሚሉ አራት ደረጃዎች አሉ። "ለአዲስ ንድፍ የማይመከር" የሚለው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ዕቃው ዛሬም ይመረታል፣ ነገር ግን ዕድሜው እያለቀ ነው ማለት ነው። "የመጨረሻ ግዢ" የሚል ካያችሁ ደግሞ አትዘግዩ፤ አምራቹ ትእዛዝ የሚቀበልበት ቀን ተቆርጧል።

ቀጥሎ ወንድሞቹን ፈልጉ። ኤንኢ602፣ ኤስኤ602፣ ኤንኢ612 እና ኤስኤ612 የአንድ ቤተሰብ ሚክሰሮች (ሁለት ድግግሞሽ የሚያቀላቅሉ አይሲዎች) ናቸው፤ እግራቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸውም እንዲሁ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሲግኔቲክስ ሠራቸው፣ ወደ ፊሊፕስ አለፉ፣ ከዚያም ወደ ኤንኤክስፒ። የፊት ፊደሎቹ የሙቀት ክልሉን ይናገራሉ። ኤንኢ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኤስኤ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ40 እስከ ከዜሮ በላይ 85 ይሠራል። ለምድር መቀበያ የቱም ይሆናል። ለሚበርር ቦርድ ግን ኤስኤ የሚለውን ብቻ ውሰዱ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ከየት ላገኝ እችላለሁ?

ከጥገና ቤት። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጥገና ቤት ጎራ በሉና ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠውን የአሮጌ ቦርድ ካርቶን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የምትፈልጉትን የዕቃ ቁጥር ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ባለሙያው ቁጥሩን ላያውቀው ይችላል፤ "የድሮ ቴሌቪዥን ቱነር አለህ?" ስትሉት ግን ወዲያው ያወጣላችኋል።

ቱነሩ በቆርቆሮ የታሸገ፣ የአንቴና ገመድ የሚሰካበት ትንሽ ሳጥን ነው። ባለ ትልቅ ቱቦው የድሮ ቴሌቪዥን ቱነር ውስጥ ሁለት በር (ጌት) ያላቸው፣ ሞስፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች አሉ፤ ቢኤፍ960፣ ቢኤፍ966 ወይም በኋለኞቹ ላይ ቢኤፍ998። እነዚህ ለ145 እና ለ435 ሜጋኸርዝ መቀበያ የፊት ማጉያ የሚሆኑ፣ ዛሬ በአዲስነት የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው። ቢኤፍ998 አራት እግር አለው፤ ከአራቱ አንዱ ሰፋ ይላል፣ እሱ ሶርሱ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ይህን በማጉያ መነጽር አይታችሁ ፎቶ አንሱት።

ከዚያው ቴሌቪዥን 4.433619 ሜጋኸርዝ ክሪስታልም ይወጣል። የፓል (የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት) ክሪስታል ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያየናቸው የድሮ ቴሌቪዥኖች በፓል የሚሠሩ ስለሆኑ ይህ ክሪስታል ብርቅ አይደለም። ለምን እንደሚጠቅም ከታች እንመለስበታለን።

የሬዲዮ ካሴት ማጫወቻ ካገኛችሁ 10.7 ሜጋኸርዝና 455 ኪሎኸርዝ ሴራሚክ ፊልተሮችን፣ እንዲሁም በትንሽ ቆርቆሮ የተሸፈኑትን የሚስተካከሉ ኮይሎች ውሰዱ። በኤኤም ክፍሉ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ራስ ያላቸው የ455 ኪሎኸርዝ ኮይሎች ናቸው፤ ቀዩ ደግሞ የኦሲሌተሩ ነው። ገመድ አልባ የቤት ስልክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኤምሲ3361 የሚባለው የኤፍኤም መቀበያ አይሲ ወይም አቻው አለ።

ቆራሌው በኪሎ የሚገዛው ቦርድም አለ። ለእሱ ዋጋ ያለው ብረቱና መዳቡ ስለሆነ፣ ቦርዱን ሳይሰባብር እንዲያቆይላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ካለም መርካቶ ምናለሽ ተራን ይመልከት። ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች የማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ሲቀይሩ አሮጌው ውስጥ ጥሩ ሎጂክ አይሲዎችና ሪሌዎች ይገኛሉ። ያለ ንብረት ማስወገጃ ሰነድ ግን ከግቢ አታውጡ፤ ጥበቃው በር ላይ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከውጭ ስናዝ ከማን እንግዛ? ጉምሩክስ?

በቅደም ተከተል፦ አሁንም ክምችት ካለው የአምራቹ ፈቃድ ያለው አከፋፋይ፤ ቀጥሎ እንደ ሮቸስተር ኤሌክትሮኒክስ ያለ፣ የተቋረጡ ሴሚኮንዳክተሮችን በአምራቾቹ ፈቃድ የሚሸጥ፤ በመጨረሻ ነጻ ደላላ። ከደላላ የመጣ ዕቃ፣ ከታች ያለውን ምርመራ እስኪያልፍ ድረስ፣ ፎርጅድ እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙት።

ዱባይ ወይም ቻይና በሚመላለስ ነጋዴ የምታስመጡ ከሆነ ቁጥሩን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ፣ የአካሉን ፎቶና የእግሩን ቁጥር ጨምራችሁ ስጡት። "ይሄም ያው ነው" ተብሎ ሌላ ቢሰጠው እንዳይቀበል አደራ በሉት።

ደረሰኙ ላይ "መለዋወጫ" ብቻ ከተጻፈ ጥያቄ ያስከትላል። ዓይነቱ፣ ብዛቱና የታሪፍ ቁጥሩ ተለይቶ ይጻፍ፦ ዳዮድና ትራንዚስተር 8541፣ አይሲ 8542፣ ካፓሲተር 8532፣ ሬዚስተር 8533፣ ባዶ ቦርድ 8534። ማጓጓዣው ለ10 ፍሬም ለ100 ፍሬም ያው ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ ከተሞች ውስጥ ያላችሁ አንድ ላይ ብታዙ ይሻላል። የተገጣጠመ ሬዲዮ ማሰራጫ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ፈቃድ ሳይያዝ አይታዘዝም።

ቦርዱ የሚፈልገው አንድ ፍሬ ነው። ስንት ልግዛ?

10። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ለሚበርረው ቦርድ፣ አንድ ምድር ላይ ለሚቀረው መንትያ ቦርድ፣ አንድ ለመለማመጃው፤ ሦስት ሆነ። ሁለት ለሚበላሽ ብየዳ፣ ሁለት ደግሞ ለመፈተኛ፣ ማለትም ተቃጥሎም ተሰብሮም ውስጡ ለሚታየው። ሰባት። የቀሩት ሦስቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቦርዱ ሲበላሽ የሚፈለጉ ናቸው፤ ያኔ ዕቃው ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። አሥሩም ከአንድ የምርት ቀን መሆን አለባቸው። ሁለቱን ሰብራችሁ የተማራችሁት ስለቀሩት የሚመሰክረው ከአንድ ምርት ከመጡ ብቻ ነው።

ፎርጅድን በዓይንና በእጅ እንዴት እለያለሁ?

ፎርጅድ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ርካሽ ወይም ያገለገለ አይሲ ይሰበሰባል፣ ፊቱ በአሸዋ ወረቀት ይፋቃል፣ በጥቁር ቀለም ይሸፈናል፣ አዲስ ቁጥር ይታተምበታል። ስለዚህ የምትፈልጉት የፋቂውን እጅ ነው።

መጀመሪያ ላይኛውን ፊት ከጎኑ ጋር አስተያዩ። በኦርጅናል አይሲ ላይ የሁለቱ ሸካራነት አንድ ዓይነት ነው። የተፋቀው ላይ ፊቱ እንደ ቀለም ቅብ ድፍን ይሆናል፣ ጎኑ ግን እንደነበረ ነው። አንደኛውን እግር የምታመለክተውን ክብ ጉድጓድ እዩ። ኦርጅናሉ ላይ ጠርዟ ጥርት ያለ፣ ታችዋ ለስላሳ ነው። ፎርጅዱ ላይ ቀለም ሞልቷት ጥልቀቷ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። አምስት ፍሬ ጎን ለጎን ደርድራችሁ ብርሃን ከጎን ስታበሩበት ልዩነቱ ይታያል።

ቀጥሎ አሴቶን። ጥጥ በአሴቶን አርሳችሁ የአይሲውን ላይኛ ፊት ለ30 ሰከንድ እሹት። ጥጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ ከመጣ ሽፋን ነው የለቀቀው፣ ዕቃው ተቀብቷል። የጽሑፉ መጥፋት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በቀለም የታተመ የድሮ ኦርጅናል ጽሑፍም በአሴቶን ሊለቅ ይችላል። መፈረድ ያለበት በሰውነቱ ነው። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ አሴቶን መኖሩን አንብቡ፤ የሌለበትም አለ፣ ዘይት የተጨመረበትም አለ።

ከዚያ ቀኑን አንብቡ። ባለ አራት አሃዙ ቁጥር ዓመትና ሳምንት ነው፤ 9847 ማለት እ.ኤ.አ. የ1998 ዓ.ም. 47ኛ ሳምንት። መጨረሻው ከ53 ከበለጠ እንዲህ ያለ ሳምንት የለም። ቀኑን ከአርማው ጋር አመሳክሩት። ኤንኤክስፒ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ፣ የኤንኤክስፒ አርማ ይዞ 9847 የሚል አይሲ ሐሰት ነው። ይህ ስህተት የሚገርም ያህል ይደጋገማል፤ ፎርጂዎቹ ታሪክ አያነቡም።

በመጨረሻ እግሮቹን። አዲስ አይሲ እግሩ የሚቆረጠው ከተለበጠ በኋላ ስለሆነ ጫፉ ላይ መዳቡ ወይም ብረቱ ራቁቱን ይታያል። ጫፉም ሳይቀር በብየዳ ሊድ ከተሸፈነ እግሩ እንደገና ተነክሯል፣ ስለዚህ አገልግሎ ነበር ማለት ነው።

ዓይን ካለፈስ በኋላ? መልቲሜትር ብቻ ነው ያለኝ።

ለብዙዎቹ መልቲሜትርና የ6፣ የ9 ወይም የ12 ቮልት ባትሪ ይበቃሉ።

ኤስኤ612 ከሆነ ኃይል ሳትሰጡት ከእግር 8 እስከ እግር 4፣ ከዚያ ከእግር 8 እስከ እግር 5 ኦሙን ለኩ። ውስጡ በሁለቱም መስመር 1.5 ኪሎኦም ሬዚስተር ስላለ ንባቡ ወደዚያ መጠጋት፣ ሁለቱም እርስ በርስ መመሳሰል አለባቸው። ቀጥሎ 6 ቮልት ለእግር 8፣ ኔጋቲቭ ለእግር 3 ስጡና የሚጠጣውን ለኩ፤ 2.4 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው፣ ከ3 አያልፍም። 9 ቮልቱን ቀጥታ አትስጡት፤ የሥራ ጣሪያው 8 ነው።

ጄ310 ሲሆን ጌትና ሶርሱን አንድ ላይ አስራችሁ ከኔጋቲቭ፣ ድሬይኑን በሚሊአምፔር መለኪያ በኩል ከ9 ቮልት አገናኙ። ኦርጅናሉ ከ24 እስከ 60 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ንባቡን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ውሰዱ፤ ሲሞቅ ይወርዳል። 15 ካሳየ ምናልባት ጄ309 ነው፣ 5 ካሳየ ደግሞ ሌላ ተራ ጄፌት ላይ የተጻፈ ስም ነው።

አስቸጋሪው 2ኤስሲ1971 ነው። የ175 ሜጋኸርዝ የኃይል ትራንዚስተር ነው፣ ተፈላጊ ስለሆነም እጅግ ይጭበረበራል። ተራ የድምፅ ትራንዚስተር ላይ ስሙን ይጽፉበታል፤ ተራ ትራንዚስተርም ስለሚያጎላ በመልቲሜትሩ የኤችኤፍኢ መለኪያ አይያዝም። የሚያጋልጠው የእግሩ አቀማመጥ ነው። ኦርጅናሉ ከግራ ቤዝ፣ ኤሚተር፣ ኮሌክተር ነው፤ መሃለኛው እግርና የብረቱ ጀርባ ኤሚተር ናቸው። የተራው መሃለኛ እግር ግን ኮሌክተር ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከ12 ቮልት ፖዘቲቭ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል መሃለኛውን እግር አገናኙ፣ ቤዙን ከኔጋቲቭ አድርጉ፣ ሦስተኛውን እግር ተዉት፣ ከዚያ በመሃለኛውና በቤዙ መካከል ያለውን ቮልት ለኩ። ከ5 እስከ 9 ቮልት መካከል ተይዞ ከቆመ ኤሚተር ነው። 12ቱም ቮልት ከታየ ኮሌክተር ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለውም ፎርጅድ ነው። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አድርጉት፤ ሲቆይ ትራንዚስተሩን ያደክመዋል።

ኦሲሎስኮፕ የሚጠይቅ ፈተና ሲመጣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ በመምህራችሁ በኩል ቤተ ሙከራውን ጠይቁ።

በቁጥሩ ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ በምን ልተካው?

እንደ ዕቃው ይለያያል። አንዳንዱ ተነስቶ ሌላ በቦታው ይቀመጣል። ጂኤኤል16ቪ8 የሚባለው ፕሮግራም የሚደረግ ሎጂክ አይሲ ተቋርጧል፤ ኤቲኤፍ16ቪ8 በእግሩ ላይ ልክ ይቀመጣል። ፕሮግራም ስታደርጉ ግን ማሽኑ ላይ የኤቲኤፍን ስም ምረጡ፤ የጂኤኤሉን ከመረጣችሁ መጻፉ ይከሽፋል። 27ሲ256 የሚባለውን ባለ መስኮት ማስታወሻ በ28ሲ256 ለመተካት ደግሞ እግር 1 እና እግር 27 ሥራቸው ስለሚለያይ መሃል ላይ መቀያየሪያ ሶኬት ያስፈልጋል።

አንዳንዱ በሶፍትዌር ይተካል። ቲሲኤም3105 በድሮ የፓኬት ሬዲዮ ሞደሞች ላይ ያለው ባለ 16 እግር አይሲ ነው። ከላይ ያልነው የቴሌቪዥን ክሪስታል የእሱ ነው፤ አይሲው ካላችሁና ክሪስታሉ ብቻ ከሞተ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ፈትታችሁ ታድኑታላችሁ። አይሲው ራሱ ከሞተ ግን አትንከራተቱ። ሥራው 1200 እና 2200 ኸርዝ ድምፆችን በ1200 ቦድ መፍጠርና መለየት ነው፤ ይህን ኤቲሜጋ328 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ያለ ችግር ይሠራዋል።

የማይተካም አለ። ኤምሲ3362 በአንድ አካል ሙሉ የኤፍኤም መቀበያ ነው፣ እግር ለእግር የሚገጥም አዲስ ምትክ የለውም። ንድፉን መክፈል ነው፦ የፊቱን ሚክሰር በኤስኤ612፣ የ455 ኪሎኸርዙን ክፍል በኤምሲ3361 ወይም በአቻው። 2ኤስሲ1971ን በአርዲ15ኤችቪኤፍ1 እንተካ ለሚሉም መልሳችን ይኸው ነው። አንዱ ባይፖላር፣ ሌላው ሞስፌት ነው፤ የቤዙ ማነቆ ኮይል በጌት ባያስ መቀየር፣ የመግቢያውና የመውጫው ማዛመጃም እንደገና መሰላት አለበት። ለትንሽ ሳተላይት ግን 2ኤስሲ1971 የሚሰጠውን 6 ዋት ማን ጠየቀ? ከምድር በላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ለሚዞር ከ1 ዋት በታች ይበቃል። ማቀዝቀዣ አየር በሌለበት ሙቀቱ የሚወጣው በብረቱ በኩል ብቻ እንደሆነም አስቡ።

ቶኮ የሚባለው ኩባንያ ኮይሎች ነገር በተደጋጋሚ ይነሳል። እነዚያ በመፍቻ የሚስተካከሉ ኮይሎች ተቋርጠዋል፤ መልካሙ ዜና ግን ኮይል እቤት የሚሠራ ዕቃ መሆኑ ነው። እስከ 50 ሜጋኸርዝ ድረስ ሽቦ የሚጠመጠምበትን ቢጫ ቀለበት ቲ37-6 ተጠቀሙ። የዙሩ ቁጥር የሚገኘው የሚፈለገውን ማይክሮሄንሪ ለ30 አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ፣ በ100 በማባዛት ነው። ለ1 ማይክሮሄንሪ 18 ዙር ይሆናል። በቀለበቱ መሃል አንዴ ያለፈ ሽቦ አንድ ዙር ነው የሚቆጠረው፤ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ከውጭ እየቆጠረ አንድ ያጎድላል።

ለ145.9 ሜጋኸርዝ ቀለበቱን ተዉትና በአየር ላይ ጠምጥሙ። 1 ሚሊሜትር የኢናሜል ሽቦ ከ4 ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ጫፍ ላይ 5 ዙር ጠምጥማችሁ 7 ሚሊሜትር እስኪረዝም ስታስረዝሙት መካከለኛ ዲያሜትሩ 5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 66 ናኖሄንሪ ገደማ አገኛችሁ። ከ18 ፒኮፋራድ ጋር እዚያው ይስተካከላል። ዙሮቹን ስታቀራርቡ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ስታራርቁ ይወጣል። ለበረራ ከሆነ አስተካክላችሁ ስትጨርሱ በኤፖክሲ ያዙት፤ ሮኬቱ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ኮይል ድግግሞሹን ይዞ አይቆይም።

ትንሿን አካል በአስማሚ ቦርድ ላይ አድርጌ በድሮው ቀዳዳ ልሰካት?

ለሎጂክና ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ይሆናል። 1.27 ሚሊሜትሩን ወደ 2.54 የሚያሰፋ አስማሚ በቀላሉ ይገኛል። ለ435 ሜጋኸርዝ ግን አይሆንም። 1 ሚሊሜትር ሽቦ በግምት 1 ናኖሄንሪ ነው። አስማሚው 10 ሚሊሜትር ከጨመረ በ436 ሜጋኸርዝ 27 ኦም እንቅፋት ይሆናል፣ በ145.9 ደግሞ 9 ኦም። በ50 ኦም መስመር ላይ 27 ኦም የግማሹን ያህል ነው። እዚያ ላይ ቦርዱን እንደገና ሥሩት።

አሮጌ ዕቃ ሕዋ ላይ አደጋ የለውም?

አሮጌነት በራሱ ድክመት አይደለም። ኦስካር 7 የሚባለው አማተር ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 1974 ተወንጭፎ፣ በ1981 ባትሪው ተበላሽቶ ዝም ብሎ፣ በ2002 በፀሐይ ኃይል ብቻ እንደገና ተሰምቷል። ሲዲፒ1802 ፕሮሰሰር ዩኦሳት 1፣ ኦስካር 10 እና ኦስካር 13 የሚባሉትን ሳተላይቶችም መርቷል።

እንዲያውም በአንድ ነገር አሮጌው ይበልጣል። እርሳስ (ሊድ) የተባለውን ብረት የሚከለክለው የአውሮፓ ደንብ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2006 ከመጣ በኋላ አብዛኛው ዕቃ እግሩ በንጹሕ ቆርቆሮ (ቲን) መለበጥ ጀመረ። ንጹሕ ቆርቆሮ ከጊዜ ብዛት ከፀጉር የቀጠነ ክር እያበቀለ ጎረቤት እግሮችን ያገናኛል። የሕዋ ሥራ ልባጡ ላይ ቢያንስ 3 በመቶ እርሳስ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፣ የድሮው ክምችት ደግሞ አብዛኛው ይህን ይዟል። አዲስ ዕቃ ለማብረር ከተገደዳችሁ እግሩን በ63/37 የብየዳ ሊድ (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ) እስከ አካሉ ድረስ ንከሩት።

በሌላ በኩል ጭራሽ የማይበርሩ አሮጌ ዕቃዎች አሉ። የወታደር ትርፍ የሆኑ ወርቃማ ወይም የወይራ ቀለም ያላቸው ማገናኛዎች ብዙዎቹ በካድሚየም የተለበጡ ናቸው። ካድሚየምና ዚንክ አየር በሌለበት ይተንና ሌላ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በኢንሱሌተር ወይም በካሜራ መስታወት ላይ፣ ይጋገራል። ፈሳሽ ያለበት የአሉሚኒየም ካፓሲተርም አይሆንም። ሴራሚክ ወይም ደረቅ ታንታለም አድርጉ፣ ታንታለሙንም ከተጻፈበት ቮልት በግማሹ ብቻ አሠሩት። የፒቪሲ ሽቦ ጋዝ ስለሚለቅ በቴፍሎን ቀይሩት። የፕላስቲክና የሙጫ መለኪያው አየር በሌለበት በሚደረግ ፈተና የሚጠፋው ክብደት ከ1 በመቶ፣ የሚጋገረው ትነት ደግሞ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው።

ሎጂክ አይሲ ስትመርጡ ቁጥሩ በ54 የሚጀምረው ከዜሮ በታች ከ55 እስከ ከዜሮ በላይ 125 ዲግሪ ይሠራል። በ74 የሚጀምረው እንደ ቤተሰቡ ይለያያል፤ የድሮዎቹ ከ0 እስከ 70 ብቻ ናቸው።

ከአሮጌ ቦርድ የፈታሁት ዕቃ ሊበርር ይችላል?

ለመለማመጃና ለምድር መቀበያ አዎ። ለበረራ ከተቻለ አይሁን። የፈታችሁት ዕቃ ሲመረት አንዴ፣ ሲፈታ አንዴ፣ ሲበየድ አንዴ ሞቋል። የተፈታ ሴራሚክ ካፓሲተር ጨርሶ አይመለስም፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ክሪስታልና ክሪስታል ፊልተር ግን በጥንቃቄ ከተፈቱ ችግር የለባቸውም።

ሲፈታ ቀላል ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውን በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ቢስመዝ የሚባል ብረት ያለበት የብየዳ ሊድ ተጠንቀቁ። ቢስመዝ ከድሮው ቆርቆሮና እርሳስ ጋር ሲቀላቀል 96 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ውህድ ሊፈጥር ይችላል። ጥቂት እንኳ እግሩ ላይ ቀርቶ ከተበየደ መጋጠሚያው ሲሞቅ ይለቃል። ከተጠቀማችሁ እግሩን በአዲስ 63/37 ሊድ ንከሩትና በመምጠጫ ሽቦ አንሱት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ።

ቤት ውስጥ የሙቀትና የቅዝቃዜ ፈተና ማድረግ ይቻላል?

ሻካራውን ያህል ይቻላል። ዕቃውን ኃይል ሳትሰጡት፣ ከሙቀት መለኪያ ሽቦ ጋር አንድ ላይ ውሃ በማያስገባ፣ የፈላ ውሃ በሚችል ፌስታል እሰሩት። በፍሪዘር 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በፈላ ውሃ 15 ደቂቃ፤ 10 ጊዜ አመላልሱት። ቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይሆን መሃል ላይ በክፍል ሙቀት 5 ደቂቃ አሳርፉት። ከፈተናው በፊትና በኋላ ያሉትን ንባቦች ጽፋችሁ አወዳድሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 94 አካባቢ ይሆናል። የቦርዱን የሙቀት ሴንሰር በፈላ ውሃ እያስተካከለ 100 ብሎ የሚመዘግብ ሰው ሳተላይቱን 8 ዲግሪ ሐሰት እያስተማረው ነው።

ያገኘሁትን እንዴት ላስቀምጥ?

በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ስታቲክ ይበረታል። ቢኤፍ998ና ሌሎች ሞስፌቶች ሹራብ ለብሶ በነካቸው እጅ ይሞታሉ፣ መሞታቸውም ከውጭ አይታይም። 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ያለበት የእጅ ማሰሪያ አድርጉ፤ ምድር ከሌለው ሶኬት ጋር አታገናኙት፣ በሥራ ጠረጴዛው ምንጣፍ ላይ እሰሩትና ቦርዱንም እዚያው ላይ አኑሩት።

ክረምት ላይ ደግሞ ጠላቱ እርጥበት ነው። ደሴን ጭጋግ ሲሸፍናት ፕላስቲኩ ውሃ ይጠጣል፣ በሆት ኤር ሲሞቅ ውሃው ተንኖ አካሉን ይሰነጥቀዋል። ለዓመታት ክፍት የተቀመጠ ላይ ለላይ (ያለ ቀዳዳ) የሚበየድ አይሲን ከብየዳ በፊት በ125 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቁት። ከመጣበት የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ጥቅል አውጥታችሁ በብረት ሳህን ላይ አድርጉት፤ ቱቦው ይቀልጣል። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃ ይሁን፤ የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በጣም ስለሚያልፍ አይሆንም። ሲደርቅ ወዲያው በስታቲክ ከረጢት፣ ከሲሊካ ጄልና ከእርጥበት አመልካች ካርድ ጋር አሽጉት። ከረጢቱ ላይ ቁጥሩን፣ የምርት ቀኑን፣ ከማን እንደተገዛና የለካችሁትን ሚሊአምፔር ጻፉ። ካርዱ ላይ የ10 በመቶው ነጥብ ቀለሙን ከቀየረ እንደገና ይደርቃል።